መኪናችሁን ጅማ ውስጥ መመዘንና ማቅለል፦ በዝግ ሜዳ መንዳት ለሚጀምሩ

«መኪናዬን ሜዳ ላይ ልሞክራት ነው፤ ምን ላውጣላት?» ይህ ጥያቄ አይቀርልኝም። አንዱ ቪትዝ አለው፣ አንዱ ያሪስ፣ ሌላው የድሮ ኮሮላ። ውጭ አገር ሆነው ስለ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 የሚጠይቁኝ የጅማ ልጆችም አሉ። ለሁሉም የማስቀድመው መልስ አንድ ነው፦ መጀመሪያ መዝኗት። ስንት ኪሎ እንደሆነች፣ ክብደቱም የት እንደተቀመጠ ሳታውቁ መቀነስ ጭፍን ሥራ ነው። አንዳንዴ መኪናዋ ቀልላ ለመንዳት ትብሳለች። እንዴት እንደሚሆን ደረጃ 7 ላይ ታዩታላችሁ።

መመሪያው ለተራ የቤት መኪና ነው። «ሜዳ» ስል ከመንገድ ውጭ ያለ የታጠረ ግቢ ነው፤ ዝርዝሩ ደረጃ 10 ላይ አለ። ለስፖርት መኪናም አሠራሩ ያው ነው።

ክብደት ለምን ይህን ያህል ያሳስባል?

ክብደት ሦስት ቦታ ላይ ይጎትታችኋል። ስትነሱ፣ ስትቆሙና ስትታጠፉ።

ስትነሱ ግልጽ ነው። ጅማ ላይ ግን ነገሩ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወረቀት ላይ 70 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር እዚህ 59 አካባቢ ነው የሚሰጣችሁ። ሞተሩ ላይ ብር ሳታፈሱ ይህን ማካካስ የምትችሉት ኪሎ በመቀነስ ነው።

ስትቆሙ ደግሞ የመኪናዋ ጉልበት ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ክብደት በ10 በመቶ ከቀነሰ ሙቀቱም በ10 በመቶ ይቀንሳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መኪናዋ ቀለለች ብላችሁ ፍጥነት ብትጨምሩ ያተረፋችሁትን ወዲያው ትበሉታላችሁ።

ስትታጠፉ ጎማ አለ። ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት በእጥፍ ቢጨምር መንገድ የመያዝ አቅሙ በእጥፍ አይጨምርም፤ ከዚያ ያንሳል። ከባድ መኪና ኩርባ ላይ የምትንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው።

የትኛው ክብደት?

«ያለ ጭነት ክብደት» የሚባለው መኪናዋ ዘይቷን፣ ውሃዋንና ነዳጇን ይዛ፣ ዕቃ ሳትጭን ያላት ክብደት ነው። አለካኩ ግን ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካኖች ነዳጅ ሞልተው ያለ ሹፌር ይለካሉ። ዲን የሚባለው የጀርመን ደረጃ ነዳጁን 90 በመቶ ሞልቶ ያለ ሹፌር ይለካል። የአውሮፓ ኅብረት አለካክ በዚያ ላይ ለሹፌር 75 ኪሎ ይጨምራል። «ደረቅ ክብደት» ከተባለ ደግሞ ፈሳሹ ወጥቶ የተለካ ነው፤ እሱ ለማስታወቂያ እንጂ ለእናንተ አይጠቅምም።

ስለዚህ ለአንድ መኪና 75 ኪሎ የሚራራቁ ሁለት ቁጥሮች ብታዩ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እንደ መነሻ፦ የአሁኑ ኤምኤክስ 5 ወደ 1,050 ኪሎ ነው። ቶዮታ ጂአር86 ወደ 1,275 ኪሎ ነው። ኒሳን ጂቲአር ከ1,700 ኪሎ ያልፋል። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ግን 850 ኪሎ አካባቢ ነው። በክብደት በኩል በእጃችሁ ያለችው መኪና የምትናቅ አይደለችም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሊብሬው ፎቶ፣ ደብተርና እስክርብቶ
- የጎማ ንፋስ መለኪያ
- ጤነኛ የሃይድሮሊክ ክሪክ
- 500 ኪሎ የሚችል የመድረክ ሚዛን (ቡና በጆንያ የሚመዘንበት ዓይነት)
- ከሚዛኑ መድረክ ጋር እኩል ከፍታ ያላቸው ሦስት ወፍራም የጣውላ መደቦች
- አራት ታኮ
- ውሃ ልክ
- የጎማ ቁልፍ፤ ከተገኘ የሚያጠብቅበትን ልክ የሚያሳይ ቶርክ ቁልፍ
- ያልተከፈተ ዶት 4 የፍሬን ዘይት
- ለሜዳው ኮኖች፣ እሳት ማጥፊያ፣ ሄልሜት
- አንድ ረዳት። ይህን ሥራ ብቻችሁን አትሥሩ።

ደረጃ 1፦ እጠቧት፣ ባዶ አድርጓት

ከሥር ጭምር አሳጥቧት። በክረምት የጅማ ቀይ ጭቃ ጎማው መጋረጃ ውስጥና ሻንሲው ሥር ተጋግሮ ይደርቃል። ሳታወጡት ከመዘናችሁ የመዘናችሁት መኪናና ጭቃ ነው። ከዚያ መቀመጫ ሥር፣ የበር ኪስና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጡ። ትርፍ ጎማና ክሪክ ግን ለጊዜው ይቆዩ። የመኪናዋ አካል ናቸው፤ በኋላ ለየብቻ ትመዝኗቸዋላችሁ።

ደረጃ 2፦ ነዳጅ ሙሉ፣ ንፋስ አስተካክሉ

ሰልባትዮውን ሙሉ። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.75 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 40 ሊትር 30 ኪሎ ነው። «ግማሽ ገደማ ነበረች» ካላችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ልክ አታገኙትም። ሙሉ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

ጎማዎቹን የሹፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ልክ ሙሉ። አንዱ ጎማ ከጎደለ መኪናዋ ወደዚያ ታዘነብላለች፤ ደረጃ 5 ላይ የምታገኙት ቁጥርም ይዛባል።

ደረጃ 3፦ በጭነት መኪና ሚዛን ጠቅላላውን መዝኑ

ጅማ የቡና ከተማ ስለሆነች ሚዛን አትቸገሩም። ትልልቅ የቡና መጋዘኖች የጭነት መኪና የሚመዝኑበት ሚዛን አላቸው። ከጥቅምት እስከ ጥር ቡና ስለሚገባ ሰልፉ አያስጠጋም። በዚያ ወቅት ማለዳ፣ አይሱዙዎቹ ሳይደረደሩ ሂዱ። ሚዛን ላይ ያሉትን «ጋሼ፣ ጭነት የለኝም፤ መኪናዋን ብቻ ይመዝኑልኝ» ብትሏቸው አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላሉ። የሚጠይቁትን ክፍያ ከፍላችሁ ወረቀቱን ተቀበሉ።

ሚዛኑ ላይ ከወጣችሁ ሞተሩን አጥፉና ሁላችሁም ውረዱ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሚዛን የተሠራው ለብዙ ቶን ነው። ብዙውን ጊዜ በ20፣ በ20 ኪሎ ነው የሚቆጥረው። 883 የምትመዝን መኪና 880 ልትባል ትችላለች። ለጠቅላላው በቂ ነው። አምስት ኪሎ ለመቀነሳችሁ ማረጋገጫ ግን አይሆናችሁም።

ደረጃ 4፦ የፊትና የኋላውን ለየብቻ

የፊት ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ እንዲሆኑ አቁሟት፤ ጻፉ። ቀጥሎ የኋላዎቹ ብቻ እንዲቀሩ ወደፊት ነድታችሁ አቁሟት፤ ጻፉ። ሁለቱ ሲደመሩ ከጠቅላላው ጋር መቀራረብ አለባቸው። ከ40 ኪሎ በላይ ከተለያዩ የሚዛኑ መግቢያ ተዳፋት ነው፤ ቁጥሩን አትመኑት።

ለምሳሌ የፊቱ 540፣ የኋላው 350 ቢሆን ጠቅላላው 890 ነው። 540ን ለ890 አካፍሉና በ100 አባዙ፤ 60.7 በመቶ ይመጣል። በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና 60 አካባቢ መሆኗ የተለመደ ነው፤ ሞተሩም ካምቢዮውም ፊት ነው ያሉት።

ደረጃ 5፦ አራቱን ጎማ አንድ በአንድ

ቡና የሚሰበስብ ዘመድ ወይም ጓደኛ ያለው ሰው የመድረክ ሚዛን አያጣም። 300 ኪሎ የሚለውን ግን አትጠቀሙ። ከላይ ባለችው መኪና አንዱ የፊት ጎማ ብቻውን 275 ኪሎ ሊሸከም ይችላል፤ ሹፌር ሲገባ 300 ይጠጋል ወይም ያልፋል። የሰው ሚዛን ታበላሻላችሁ።

አሠራሩ ይህ ነው፦

ሀ. ደልዳላ ሲሚንቶ ወለል ፈልጉ። አራቱም ጎማ የሚያርፍበትን ቦታ በውሃ ልክ ፈትሹ። ሳር ላይ ወይም አፈር ላይ አይሆንም።

ለ. የሚዛኑን መድረክ ከፍታ ለኩ። 12 ሴንቲ ከሆነ ሦስቱም የጣውላ መደቦች ልክ 12 ሴንቲ ይሁኑ። የአንድ ሴንቲ ልዩነት አንዱን ጎማ ከፍ አድርጎ ከሌላው ጎማ ክብደት ይወስዳል። ቁጥሩ ትክክል ይመስላል፣ ግን ውሸት ነው።

ሐ. መኪናዋን አንድ በአንድ በክሪክ እያነሳችሁ ሦስቱ ጎማዎች ሥር መደብ፣ አራተኛው ሥር ሚዛኑን አስገቡ። ሚዛኑ መቆለፊያ ካለው ስታወርዱ የተቆለፈ ይሁን። ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ድንገት የወረደ ክብደት የሚዛኑን ስለት ይመታል።

መ. ማርሹ ነጻ፣ የእጅ ፍሬኑ የተለቀቀ፣ መሪው ቀጥ ያለ ይሁን። መኪናዋን የሚይዛት ታኮው ነው። የእጅ ፍሬን ከተያዘ ጎማው ተወጥሮ ይቀራል፣ ሞላውም ቦታው ላይ አይቀመጥም። ከዚያ ኮፈኑንና የኋላውን በእጅ ጫን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ሞላው ይረጋል። አሁን አንብቡ።

ሠ. ሚዛኑን ወደ ሌላው ጎማ እያዛወራችሁ አራቱንም ጻፉ። ከዚያ ራሳችሁ የሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ረዳታችሁ አራቱንም በድጋሚ ያንብብ። ሜዳ ላይ መኪናዋ ብቻዋን አትሄድም። የእኛ አገር መሪ ግራ ስለሆነ የናንተ ክብደት የግራውን ጎን ያከብደዋል። ያንን ማየት አለባችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ መኪናዋ መደብ ላይ እያለች ማንም ከሥር አይግባ። የወደቀ ቁልፍ ለማንሳት እንኳ እጅ አታስገቡ። በመደብ ፋንታ ብሎኬት፣ ድንጋይ ወይም ሸክላ አትጠቀሙ። ብሎኬት ሲሰነጠቅ አስቀድሞ አይናገርም።

ደረጃ 6፦ ሂሳቡ

አራቱ ቁጥሮች እንዲህ ወጡ እንበል፦ ፊት ግራ 275፣ ፊት ቀኝ 265፣ ኋላ ግራ 172፣ ኋላ ቀኝ 178። ድምሩ 890 ነው። አሁን ሰያፉን ደምሩ። ፊት ቀኝና ኋላ ግራ 437 ነው፤ ከጠቅላላው 49.1 በመቶ። የሌላው ሰያፍ 453 ነው፤ 50.9 በመቶ።

ሁለቱ ሰያፎች ወደ 50 በመቶ ሲጠጉ መኪናዋ ግራም ቀኝም በእኩል ትታጠፋለች። ልዩነቱ ከ50 በሁለት ወይም ሦስት በመቶ ከራቀ መጀመሪያ መደቦቹን በድጋሚ ለኩ። እነሱ ደህና ከሆኑ የደከመ ወይም የተሰበረ ሞላ ሊኖር ይችላል። ጋራዥ ገብታ ትታይ። የፋብሪካ ሞላ ከፍታው ስለማይስተካከል በሌላ መንገድ አትሞክሩት። ከአንዱ ሞላ ሥር ላስቲክ ማስገባት የሚሉ አሉ፤ አታድርጉት። ኩርባ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ደረጃ 7፦ የሚወጣውን ምረጡ

የምታወጡትን እያንዳንዱን ዕቃ መዝኑና ከየት እንደወጣ ጻፉ። ግምቱ ይህን ይመስላል፦

- ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው፦ ከ12 እስከ 14 ኪሎ፣ ከኋላ
- ክሪክና መፍቻዎች፦ ከ3 እስከ 5 ኪሎ፣ ከኋላ
- የኋላ መቀመጫ፦ ከ15 እስከ 20 ኪሎ፣ ከኋላ
- የድምፅ ማጉያ ሳጥን፦ ብዙ ጊዜ ከ15 ኪሎ በላይ፣ ከኋላ
- ፖርቶመጋላ፦ እንደ ዓይነቱ፣ ከጣሪያ
- ምንጣፍና የልጅ ወንበር፦ እንደ ዓይነቱ

ዝርዝሩን እዩት። ለማውጣት የሚቀለው ሁሉ ማለት ይቻላል ያለው ኋላ ነው። መኪናዋ የምትበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ከላይ ካለችው መኪና ትርፍ ጎማ 13፣ ክሪክ 4፣ መቀመጫ 18 ኪሎ ብናወጣ 35 ኪሎ ቀነስን። ሁሉም ከኋላ ነው ብለን ብናስብ የኋላው ከ350 ወደ 315 ይወርዳል፤ የፊቱ 540 እንደሆነ ይቀራል። ጠቅላላው 855 ሲሆን የፊቱ ድርሻ 63.2 በመቶ ደረሰ። ትርፍ ጎማው ከኋላ አክስሉ በስተኋላ ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ይሰፋል።

ይህ መሪው ላይ ይታያል። ፍሬን ስትይዙ ክብደት ወደፊት ይሄዳል። ቀድሞውኑ የቀለለው የኋላ ጎማ ጨርሶ ይቀልና ቶሎ ይቆልፋል። ኩርባ መሃል ደንግጣችሁ ቤንዚን ብትለቁ የመኪናዋ ጅራት ይዞራል። አንድ ጆንያ ቡና 60 ኪሎ ነው። ያንን ያህል ከኋላ ብቻ ማውጣት መኪናዋን ለጀማሪ እንግዳ ያደርጋታል።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ልቅ የሆነውንና ጣሪያ ላይ ያለውን አውጡ። ጣሪያ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ወለል ላይ ካለ አንድ ኪሎ ይከፋል፤ መኪናዋን ኩርባ ላይ ያዘነብላታል። ቀጥሎ የድምፅ ሳጥኑ፣ ትርፍ ጎማውና ክሪኩ ይውጡ። ልቅ ክሪክ ፍሬን ሲያዝ በመኪናው ውስጥ የሚበር ብረት ነው። የኋላ መቀመጫውን ግን ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ተዉት። መኪናዋ ስትንሸራተት ምን እንደምታደርግ ካወቃችሁ በኋላ ትመለሱበታላችሁ።

ነዳጅ ደግሞ ከሁሉም የቀለለ መቀነሻ ነው፤ መፍቻ እንኳ አይፈልግም። ከግማሽ እስከ ሩብ ይዛችሁ ግቡ። ከሩብ በታች ግን አትውረዱ። ኩርባ ላይ ቤንዚኑ ወደ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ይቆራረጣል፣ ፓምፑም ይጎዳል።

ደረጃ 8፦ የማይነካውን አትንኩ

ቀበቶ፣ ኤርባግ፣ የበር ውስጥ ብረት፣ ከፓራውልት ኋላ ያለው ምት የሚቀበል ብረት፣ የእጅ ፍሬን፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው)፣ የፊት ወንበሮችና ማሰሪያቸው። እነዚህ ኪሎ አላቸው፤ የሚሸከሙት ግን ለናንተ ነው። ኤርባግን ራሳችሁ ፈትታችሁ ማውጣት በራሱ አደጋ ነው፤ በሽቦው ስህተት ሊፈነዳ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። የመቀመጫ ብዛት በሰነዳችሁ ላይ ተጽፏል። መቀመጫ አውጥታችሁ መንገድ ላይ ብትወጡ ከትራፊክ ጋር፣ ለቦሎ ምርመራ ብትሄዱም ከመርማሪው ጋር ትጋጫላችሁ። የወጣው ሁሉ ሜዳው ላይ ይውጣ፣ ሜዳው ላይ ይግባ።

ደረጃ 9፦ ጎማና ፍሬን

የጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ያረጀ ጎማ ይደርቃል፤ አይዝም። ጎኑ የተሰነጣጠቀ ወይም ያበጠ ከሆነ ሜዳ አይገባም።

ቀላል ቸርኬ መግዛት ካሰባችሁ ጥሩ ሐሳብ ነው። ከሞላ በታች ያለ ክብደት ሲቀንስ ጎማው መሬቱን ቶሎ ይከተላል። ነገር ግን ተሰንጥቆ የተበየደ ቸርኬ አትግዙ። ከውስጥ በኩል በእጃችሁ ዳስሱ፤ የብየዳ ጉብታ ካለ ለሻጩ መልሱለት።

የፍሬን ዘይቱን ለውጡ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ጅማ ደግሞ እርጥብ ናት። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ አዲስ ዶት 4 እስከ 230። ውሃ የጠጣ ዶት 4 ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። የፍሬን ሸራውንም እዩ፤ ግማሹ ካለቀ ቀይሩ። የኋላው ፍሬን ታምቡር ከሆነ ተከፍቶ ይጽዳ።

ደረጃ 10፦ ሜዳው

ዝግ ሜዳ ስል የታጠረ፣ የተነጠፈ፣ ባለቤቱ በጽሑፍ የፈቀደው፣ ትራፊክ ፖሊስም የሚያውቀው ግቢ ማለቴ ነው። ሰፊ የመጋዘን ግቢ ይሆናል። ወደ አጋሮ የሚወስደው መንገድም ሆነ ማንኛውም አዲስ አስፋልት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሜዳ አይደለም። ባጃጅ አለ፣ ከብት አለ፣ ቡና ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አለ።

ኮኖቹን ከግድግዳ፣ ከምሰሶና ከቦይ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛ ማርሽ የማያልፍ ጠባብ መስመር ይበቃል። ረጅም ቀጥታ መስመር አትሥሩ፤ የሚያፈጥነው እሱ ነው። አስፋልቱን ጥረጉ። ጠጠርና የቡና ገለባ ላይ ጎማ አይዝም። ዝናብ ከዘነበ አንድ ቀን አራዝሙት።

በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ይግባ። ተመልካች ከአጥር ውጭ ይቁም። እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው አንድ ቦታ ላይ ይመደብ። የተቀመጠ አንድ ሌላ መኪና ከነሹፌሩ ዝግጁ ይሁን፤ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚሄድበትን መንገድም አስቀድሞ ይወቅ።

ደረጃ 11፦ መንዳትና መለካት

መጀመሪያ መኪናዋ ምንም ሳይወጣላት ንዱ። ለሁለት ዙር ቀስ ብላችሁ አሙቁ። ከዚያ ሦስት ዙር በስልክ ሰዓት ይያዝላችሁ። አንድ ዙር ደግሞ ፍሬን ሳትረግጡ አቀዝቅዙና ውጡ። ስትቆሙ የእጅ ፍሬን አትያዙ፤ የጋለ ታምቡር ላይ ሸራው ሊጣበቅ ይችላል። ማርሽ አስገቡና ታኮ አድርጉ።

አሁን የመረጣችሁትን አውጡ። መኪናዋ ከቀዘቀዘች በኋላ ያንኑ ድገሙ። ሦስቱን ከሦስቱ አነጻጽሩ። ከአንድ ዙር ተነስታችሁ አትፍረዱ፤ በመጀመሪያው ቀን የሚሻሻለው ሹፌሩ ነው። ልዩነቱ በሦስቱም ዙር ከታየ ከክብደቱ ሊሆን ይችላል።

ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ ወይም የሙቀት መለኪያው ከተለመደው ከወጣ ወዲያው አቁሙ። በሳሳ አየር ራዲያተርም ፍሬንም ቶሎ አይቀዘቅዙም።

ደረጃ 12፦ ወደ መንገድ ከመመለስ በፊት

ትርፍ ጎማ፣ ክሪክና የወጣው ሁሉ ይመለስ። መቀመጫ ፈትታችሁ ከነበረ የቀበቶውን ቡሎን ጭምር አጥብቁ። የጎማ ዳዶዎቹን በድጋሚ አጥብቁ፤ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ይላላሉ። የጎማውን ንፋስ ከቀዘቀዘ በኋላ ለኩ። በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ የምትወርዱ ከሆነ ወደ ጊቤ ሸለቆ ከመግባታችሁ በፊት ፔዳሉ እንደ ወትሮው መሆኑን አረጋግጡ። ያ ቁልቁለት ደካማ ፍሬን አይታገስም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ሊብሬው ላይ ያለውን ቁጥር እንደ ራስ መኪና ክብደት መውሰድ። መኪናዋ ላይ የተጨመረ ፖርቶመጋላ፣ የጭነት መንጠቆ ወይም የድምፅ ሳጥን ሊብሬው ውስጥ የለም።

በፊት በሙሉ ነዳጅ፣ በኋላ በግማሽ መመዘን። 15 ኪሎ «ቀነስኩ» ይላሉ፤ የቀነሰው ቤንዚኑ ነው።

ባትሪን በትንሽ ባትሪ መቀየር። አምስት ኪሎ ያተርፋል። ጠዋት ላይ ሞተሩ ሳይነሳ ሲቀር ግን ጓደኛ መጥራት ነው።

ሞላ መቁረጥ። መኪናዋ ዝቅ ስትል የቀለለች ይመስላል፤ ክብደቷ ግን ያው ነው። የተቆረጠ ሞላ ጉድጓድ ላይ ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ አሞርዛተሩም ቶሎ ይሞታል።

ብር ሁሉ ለቸርኬ አልቆ የፍሬን ዘይት ሳይለወጥ ሜዳ መግባት። ቅደም ተከተሉ ፍሬን፣ ጎማ፣ ከዚያ ክብደት ነው። የፍሬን ዘይትና ሸራ ሳይቀየር ሚዛን ላይ የምትወጣ መኪና ካለቻችሁ ደረጃ 9ን ከሁሉም በፊት ሥሩት።